እናቲቱ የሻይ ቁጥቋጦ

በያሜ ኮረብታ ላይ ያለው የቶኩዞ የሻይ ማሳ ሰፊ አልነበረም። ሀብቱ ሁሉ ከጭድ ዳስ ጥላ ስር የቆመችው አንዲት ቁጥቋጦ ነበረች። አባቱ ዕድሜውን ፈጅቶ ያዳቀላት ዘር ናት፤ ሌላ ቦታ አትገኝም። ለመስረቅ ግን ጥቂት ቅርንጫፍ ይበቃል፤ ተቆርጦ አፈር ውስጥ ከተተከለ ይበቅላል። ባለፈው ዓመት ከማዶው መንደር እንዲህ ያለ ዘር ተሰረቀና ባለቤቱ ማሳውን ሸጦ ከተማ ገባ።

ስለዚህ በመጀመሪያው ለቀማ ሰሞን የጎብኚዎች አውቶቡስ ሲመጣ የቶኩዞ ጥርስ ይስቃል እንጂ ሆዱ አይስቅም። ፈሪ ያለው ይበለው።

ዛሬ ደግሞ አንድ ቡናማ ኮት የለበሰ ሰውዬ አላምር አለው። ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ እሱ ቦርሳውን አቅፎ በየመስመሩ ያጎነብሳል። ሰው ሲያየው ቀና ይላል።

ማሳኤ የምትባል አነጋገሯ የለሰለሰ ጎብኚ ወደ ቶኩዞ ጠጋ አለች።

"ጋሼ፣ በማያገባኝ መግባቴ እንዳይሆን እንጂ፣ ያ ሰውዬ ቦርሳው ውስጥ የሆነ ነገር ሲከት ያየሁ መሰለኝ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"መሰለኝ ነው ያልኩት። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።"

ቶኩዞ ዞር ብሎ ሰውየውን አየው። እንግዳ መፈተሽ በዚያ መንደር ነውር ነው። ዝም ቢልስ? የአባቱ ልፋት አይኑ እያየ ሊሄድ ነው። ሚስቱን ሺኖን ጠርቶ በጆሮዋ ነገራት።

"ተው፣ ባዶ ሆኖ ቢገኝስ?" አለችው። "በምን ዓይናችን እናያቸዋለን?"

"ባዶ ባይሆንስ?"

ሰውየውን አውቶቡሱ በር ላይ ደረሰበት።

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ቦርሳዎን ይክፈቱልኝ።"

ሰውየው ፊቱ ቀላ። ቦርሳውን ይበልጥ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። "እኔን? በምን ምክንያት?"

ጎብኚው ሁሉ ከበባቸው። ማሳኤ ብቻ "ሰው ሲዋረድ ማየት አልችልም" ብላ ወደ ማሳው ተመለሰች።

"ይክፈቱልኝ" አለ ቶኩዞ።

ሰውየው በንዴት ቦርሳውን ገልብጦ አራገፈው። የሩዝ ምሳ፣ መነጽር፣ የእግር ሹራብ። ቅጠል የሚባል ነገር የለም።

ቶኩዞ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ተንበርክኮ ግንባሩን አፈር አስነካ። የዓመቱን ምርጥ ሻይ በሳጥን አምጥቶ በሁለት እጁ ሰጠው። ሰውየው ብዙ ከተለመነ በኋላ ተቀበለ።

"የሌሎቹንስ ቦርሳ?" አለች ሺኖ በሹክሹክታ።

"ዝም በይ። አንድ እንግዳ ያዋረድኩት አይበቃኝም?"

አውቶቡሱ ሲነሳ ባልና ሚስት መንገድ ዳር ቆመው እጅ ነሱ። ከዓይን እስኪሰወርም ቀና አላሉም።

መታጠፊያውን እንዳለፉ ባለ ቡናማ ኮቱ ሰውዬ ከማሳኤ ጎን ሄዶ ተቀመጠና፣ "ቅርንጫፎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዪያቸው እንጂ፣ ቤት ሳንደርስ ሊደርቁ ነው" ሲል ሚስቱን ተቆጣት።