በየሁለት ሺው

ጡረተኛው ሠላሳ ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ አንድ ትምህርት ብቻ ይዞ ወጣ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አዲሷን ፒካፕ ሲገዛም መጀመሪያ የጠረጠረው አብሯት የመጣውን የመመሪያ መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ የሞተር ዘይት በየአሥር ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየር ይላል። የጡረተኛው ልጅም እንዲሁ ይላል። ልጁ መካኒክ ነው፤ ጋራዡም እዚያው አባቱ ግቢ ውስጥ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው።

"አቧራና ጭነት ስለሚበዛባት በሰባት ሺህ እንቀይራለን፤ ግፋ ቢል በአምስት ሺህ" አለ ልጁ። "ከዚያ በታች ግን ደህና ዘይት መድፋት ነው፣ አባባ።"

አባትየው ከት ብሎ ሳቀ። ትናንት አፍንጫውን የጠረገለት ልጅ ዛሬ ስለ ሞተር ሊያስተምረው!

ጡረተኛው የሚያምነው የሚስቱን ወንድም ነው። ሰውየው ካቻቢቴ ሞተር ላይ አስደግፎ ጆሮውን እጀታው ላይ ስለሚለጥፍ "ዶክተር" ይሉታል። በዕድሜው አንድ ብሎን ፈትቶ አያውቅም። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት አሮጌ ፒካፕ አለችው፤ የምስክር ወረቀቱ እሷ ናት። ድሮ ዘይት እንደ ውሃ የምትጠጣ፣ ጌታዋን ያስመረረች መኪና ነበረች።

"መጽሐፉን የጻፉት መስታወት በመሰለ መንገድ የሚነዱ ሰዎች ናቸው፣ ጋሼ" አለ ዶክተር። "እርስዎ በየሁለት ሺው ይቀይሩ። እኔ ምን አተርፋለሁ ብዬ እዋሽዎታለሁ?"

ጡረተኛው ቢያስብ ምንም የሚያተርፈው ነገር አልታየውም። ስለዚህ በየሁለት ሺው ሆነ።

ፒካፗ የዶሮ መኖ ለሱቆች ስለምታደርስ ሁለት ሺውን በሁለት ወር ትሞላዋለች። ዘይት በሚቀየርበት ቀን ዶክተር ሳይጠራ ይመጣል። ምሳውን ይበላል፣ ሞተሯን ያዳምጣል፣ "ተመስገን፣ ጤነኛ ናት" ይላል። ከዚያ የወረደውን ዘይት በጨርቅ እያጠለለ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ይገለብጣል።

"የአጥር እንጨቴን ልቀባበት ነው፤ ምስጥ ፈጀኝ" ይላል። "አሸዋ ካለው ደግሞ ብሩሼን ይበላብኛል።"

አሥራ አንደኛውን ጀሪካን ሲያሸክመው ልጁ ሳቅ አለ። "አጎቴ፣ ስንት እንጨት ነው ያለዎት? አጥሩ ሊሰክር ነው እኮ!"

"የራሱ አጥር የሌለው ሰው ስለ አጥር አያወራም" አለ አባትየው። በሰው አጥር ግቢ ውስጥ መሥራቱን ለልጁ ማስታወስ ይወዳል።

ዶክተር ከከተማው ዳር አዲስ ግቢ ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከቤተሰቡ ማንም ሄዶ አላየውም። ምሳው እዚህ ነውና የሚመጣው እሱ ነው።

በዝናቡ ወራት ጡረተኛው አዳልጦት እግሩ ተሰበረ። ሁለት ወር ተኛ። መኖውን ልጁ አደረሰ። አባቱን አቅፎ እያነሳ ሽንት ቤት የወሰደውም ልጁ ነው። ዶክተር ሊጠይቅ በታክሲ መጣ፤ መኪናዬን ትንሽ አሟታል አለ። ዘይቱ መቼ እንደሚቀየርም ሳይጠይቅ አልሄደም፤ ለሰው ሞተር እንዲህ የሚያስብ ሰው ከየት ይገኛል!

ጡረተኛው በቆመ ዕለት ኮፈኗን አስከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘና በነጭ መሀረብ ጠረገው። መሀረቡ ከሰል መሰለ።

"ከተቀየረ ስንት ሆነ?"

"አራት ሺህ ሁለት መቶ" አለ ልጁ። "ገና ነው፣ አባባ። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ ማግስት ይጠቁራል። መጥቆሩ ሥራውን መሥራቱ ነው።"

ዶክተር አጠገባቸው ቆሞ ነበር። "ልጁን ምን አድርግ ይሉታል፣ ጋሼ?" አለ በለሰለሰ ድምፅ። "መካኒክ ከጤነኛ ሞተር ምን ይበላል?"

ጡረተኛው ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ ታየው። ሞተሯ ትሞታለች፣ አባት ልጁ እጅ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ መኪናውም ግቢውም የልጁ ነው። ሠላሳ ዓመት ሌባ ሲይዝ የኖረ ሰው እንዴት ይህን ሳያይ ቆየ!

"ዘይቱን ዛሬውኑ ቀይር" አለ። "እስከ ቅዳሜ ደግሞ ዕቃህን ከግቢዬ አውጣ። ሞቴን የሚጠብቅ ልጅ የለኝም።"

"በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" አለች ሚስቱ። ማንም አልሰማትም።

ልጁ ዘይቱን ቀየረ፤ ጀሪካኑንም ለአጎቱ ታክሲ ድረስ ተሸከመለት። ቅዳሜ ክሪኩንና መፍቻዎቹን ጭኖ ሌላ ከተማ ሥራ አለ ወደተባለበት ሄደ። ሲሰናበት እናቱን ሳመ፤ አባቱ ፊቱን አዞረ።

እሁድ ዶክተር በገዛ መኪናው እየነዳ ለምሳ መጣ። መኪናዋ ድናለች። የአዲሷን ሞተር አዳምጦ "ተመስገን፣ ተረፈች" አለና ሄደ፤ ካቻቢቴውን ግን ረስቶት ነበር።

ሰኞ ጡረተኛው ምርኩዙን ጎኑ አስቀምጦ፣ ለባለውለታው ካቻቢቴውን ሊያደርስ ነዳ። መንገድ ላይ ሁለቴ ጠይቆ ግቢውን አገኘው። በሩ ገርበብ ብሏል። አሮጌዋ ፒካፕ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች፤ ቢጫው ጀሪካን ባዶውን ከጎማዋ ሥር ወድቋል።

ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ ጡረተኛው ምርኩዙን ተደግፎ፣ ሁለት ዓመት በእሱ ዘይት የተቀቡትን እንጨቶች ለማየት ዙሪያውን ቃኘ።

አጥሩ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ነበር።