የሒክማ አሥራ ሁለት ቃላት

ከአሥራ ሁለቱ ቃላት አንዱም ሰው የሚለብሰው ነገር እንዳልሆነ ያየሁት ልጄ ሒክማ ለልምምድ ከሄደች በኋላ ነው። ልጓም፣ ኮርቻ፣ እርካብ፣ ሰኮና፣ ፈረስ የሚሸለምበት ግላስ...

የትምህርት ቤታቸው የእንግሊዝኛ ክበብ የጥንት ፈረንጅ ፈረሰኞችን ታሪክ በቴአትር ሊያሳይ ነው። መምህሩ ለየልጁ እንደ ድርሻው የእንግሊዝኛ ቃላት ሰጥቷል። ሒክማ «ልዕልቷ እኔ ነኝ» ስላለችኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ፍቺውን ከመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ አስጠናኋት። በእኛ በአምባሰል ሙሽራ የምትመጣው በተሸለመች በቅሎ ነውና፣ ኮርቻውም ግላሱም የልዕልቷ መስሎኝ ነበር። የኒካዬን፣ የሠርጌን ቀሚስ አጥብቤ ሰጠኋት።

እኔ ክፉ ክፉውን የማስብ ሴት ነኝ። ባጃጅ ይገጫታል፣ ሐይቁ ይወስዳታል እላለሁ። ይህን ግን አላሰብኩትም።

ጀምበር ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ ሒክማ ከሌላ ልጅ ጋር መጣች። ቀሚሱን የለበሰችው የጎረቤቴ ልጅ ሪታጅ ናት። የሒክማ ጉልበቶች ተልጠዋል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ ሰሚሃ» አለች ሪታጅ። «ቀሚሱ ልክክ አለኝ። ጫፉን ብቻ ጭቃ ነክቶታል፤ ከጀርባዋ ስወርድ ነው።»

«ከማን ጀርባ?»

«ከሒክማ ነዋ። ፈረሰኛ የሚሆነው ሙሀይሚን ሲቀመጥባት እንኳን አልወደቀችም። መምህሩም ‹ጠንካራ ፈረስ› አሏት።»

ቀድማ የሳቀችው ሒክማ ናት።

«ነገ አትመጣም» አልኳት ሪታጅን። «ፈረስ ካማራችሁ ውጫሌ ገበያ ወርዳችሁ ግዙ።»

ሪታጅ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እንግዲያው የክፍላችንን ልጅ ፋሲካን ፈረስ እናደርጋለን። እሷም ልሁን ስትል ነበር።»

ሒክማ እጄን ያዘችኝ። መዳፏ ውስጥ ጠጠር ተሰክቷል።

«እማ፣ ተይ» አለች በለሆሳስ። «ፈረስ ካልሆንኩ እኮ ማንም አያናግረኝም።»

ጠጠሩን በጥፍሬ አወጣሁላት። ሪታጅ ይህን እንደ እሺታ ቆጥራ፣ ቀሚሴን በሁለት እጇ ሰብስባ ወጣች። ሙሀይሚንና ሌሎቹ አጥሩ ሥር ይጠብቋታል። ሙሀይሚን ወደ እኛ ዞሮ እንደ ፈረስ አሽካካ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

ሒክማ ደጃፉ ላይ ቆመች። አንገቷን ቀና አድርጋ እሷም አሽካካችላቸው፤ ከእሱ አስበልጣ፣ አሳምራ። ከዚያ መልስ ጠበቀች።

ሳቃቸው ወደ አስፋልቱ ራቀ። አዛን ተጀመረ፣ አለቀ። ሒክማ መንገዱን አንድ ጊዜ ግራ ቀኝ አየችና በሩን ዘጋች፤ መቀርቀሪያውንም ራሷ ወረወረችው።