ሁለቱ መስመሮች

ያሪሴል ወረቀቷን ከቁልፍ ሰሌዳው አጠገብ ዘርግታ የኮፍያዋን ጥላ እስከ ቅንድቧ ትስባለች። እኔ ከመስታወቱ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ። ፊቷ ያለው ስክሪን ነጭ ነው፤ ነጭ ደግሞ ዓይኗን ይወጋዋል። ልጄ የጨረቃ ልጅ ናት። እኛ ጉና የምንባል የደሴት ሰዎች ቆዳቸውም ፀጉራቸውም ነጭ ሆኖ የተወለዱትን እንዲህ እንላቸዋለን።

ፈተናው አርባ ደቂቃ ነው። ካለፈች የኮምፒውተር ተቋሙ ይቀበላታል፤ ከወደቀች ለዘንድሮ ሌላ ዕድል የለም።

"ለፈተናው ሲባል የስክሪኑ ማስተካከያ ተቆልፏል" ብሎናል ፈታኙ ዶን ኤላዲዮ ስንገባ። "መልኩን መቀየር ከፈለገች ትእዛዝ ጽፋ ትቀይር። ሰዓት ግን አልጨምርም።" ትእዛዞቹ ያሉበትን ወረቀት ይዛ እንድትገባ ብቻ ፈቀደላት።

ሁለት መስመር ናቸው። አንዱ ፊደሉን ትልቅና ቢጫ ያደርገዋል፣ ሌላው ጀርባውን ጥቁር። ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ የራሷ ጽሑፍ አይታያት ይሆናል ብዬ ፈርቼ በወፍራም ማርከር እንደገና ጻፍኩላት።

"ሴኞራ፣ መስታወቱን በአፍንጫሽ ልትበሺው ነው እንዴ?" ትላለች አግዳሚው ላይ ኢምፓናዳ የምትበላ ሌላ እናት። "ነይ ቁጭ በይ!"

አልቀመጥም። ያሪሴል የመጀመሪያውን መስመር ጽፋ ቁልፉን ትመታለች። ስክሪኑ ድርግም ይላል። አንድም ፊደል የለበትም።

ያኔ ይገባኛል። ከላይ መሆን የነበረበትን መስመር ከታች ጽፌዋለሁ። ጀርባው ቀድሞ ጠቆረ፤ ጥቁሩ ፊደል ጥቁር ላይ ቀረ።

"አበላሸሁባት!"

"አንቺ? እዚህ ቆመሽ?" ትላለች ሴትዮዋ እያኘከች። "እንዴት ያለ እጅ ነው ያለሽ!"

በሩ ገርበብ ብሏል። ዶን ኤላዲዮ ወደ ልጄ ሲጠጋ ይሰማኛል።

"ማሽንሽ ጠፋ እኮ፣ ልጄ። ሰው ልጥራ? ሰዓትሽ ግን ይቆጠራል።"

"አልጠፋም፣ መምህር። ማሽኑ እኔን ይሰማል፤ እኔ ነኝ የማላየው። ለዚያ ደግሞ ልምድ አለኝ።"

የጻፍኩላትን ወረቀት በግንባሩ ትደፋዋለች። ዓይኗን ጨፍና የፊደሉን መስመር በጣቶቿ ብቻ ትጽፋለች፤ ትመታለች። ምንም የለም። አንድ ቦታ ስታለች። አለቀልን፣ እላለሁ። እሷ ግን ጣቶቿን አፍታታ፣ ቀስ ብላ፣ ከመጀመሪያው ፊደል ትጀምራለች።

ጥቁሩ ላይ ቢጫ ፊደላት ይወጣሉ፤ እያንዳንዳቸው የአውራ ጣት ያህል።

ሴትዮዋ እጇን እየጠረገች አጠገቤ ትቆማለች። "ውይ! እኔ እንኳ ያለ መነጽር አነበዋለሁ።"

እኔም አነበዋለሁ። የሚያስፈራኝም እሱ ነው፤ እናቷ ከውጭ መልስ ነገረቻት ቢሉስ?

ጀርባዬን ለመስታወቱ ሰጥቼ ግድግዳውን አያለሁ። ከኋላዬ የቁልፎቹ ድምፅ ሳይቋረጥ ይመጣል።