ናዳ ያላፈረሰው ቤት

ግንበኛው ሁለቱ ልጆቹ በፕላስቲክ ጡብ ሲጫወቱ ማየት ደስ ይለዋል። ታላቂቱ፣ «ኢንጂነሯ»፣ ልክ እንደ አባቷ መጋጠሚያዎቹን እያፈራረቀች ትገነባለች፤ «ናዳ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ጣሪያው እስኪያልቅ እንኳ ሳይታገሥ በእርግጫ ይንደዋል።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲገባ ግን ናዳ የምንጣፉ መሐል ላይ የቆመችውን ትንሽ ቤት በጀርባው ደግፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል።

«ማነው የመታህ?»

ልጁ በአገጩ ከኋላው ወዳለችው ትንሽ ቤት አመለከተ።

«አንተ ትሙት አባዬ፣ እኔ አይደለሁም!» አለች ኢንጂነሯ፣ መደርደሯን ሳታቋርጥ። የሁለት ጣቶቿ ጥፍር ተነቅሏል።

ግንበኛው ክው አለ፤ ቢሆንም ልጆቹን ላለማስደንገጥ ፈገግ ለማለት እየሞከረ ተንበረከከ። «ለመሆኑ የኔ ኢንጂነር፣ በሩን የት ረሳሽው?»

«በርማ ነበራት። በበሩ በኩል ነው ናዳን የመታው፤ ስለዚህ ደፈንኩት።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ የትንሿ ቤት ግድግዳ ከውስጥ ተነረተ። አንድ ጡብ ተፈናጥሮ የግንበኛውን ቅንድብ ተረተረው። ሁለተኛው ምት ሲያርፍ ናዳ በአፍጢሙ ተደፋ።

ግንበኛው ደም በሸፈነው ዓይኑ እየዳበሰ ሁለቱን መዳፎቹን በተከፈተው ቀዳዳ ላይ ጫነ። ከውስጥ የሚወጣው ትንፋሽ መዳፉን ፈጀው።

«ልጆቼ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቶሎ ውጡና ክፍሉን ከውጭ ቆልፉት። እኔ ብጠራችሁም እንዳትከፍቱ።»