የአባቷ ሰሌን

መሌአኔ ከማሳያው መስታወት ፊት ስትደርስ ቆመች። ከቶንጋ ደሴቶች ወይን ሊለቅሙ የመጡ ሰዎች በሚኖሩባት ከተማ ሙዚየም፣ መብራት በርቶለት የተሰቀለው ሰሌን ግራ ጥጉ ላይ አንድ ቅጠል መስመር ስቶ ነበር። የአባቷን መገነዣ ከእናቷ ጋር ስትሠራ ያሳተችው እሷ ራሷ ናት። "ልፍታው?" ስትላት እናቷ "ተይው፣ ያንቺ እጅ እንዳለበት ይወቀው" ብላ ነበር።

"አያምርም?" አሉ የአባቷ ታላቅ እህት፣ አክስቷ ሲኒቫ። "ሰጪዋ ብለው ስሜንም ከሥሩ ጽፈውልኛል።"

"አባዬ በዚህ አይደል እንዴ የተቀበረው? ሳጥኑን የዘጉት እርስዎ ነዎት።"

"በብርድ ልብስ ገነዝኩት። አዲስ ነው፣ ከነላስቲኩ ነው የገዛሁት። እንዲህ ያለ ሥራ ምስጥ ይብላው?"

"እማዬ ይሄን ብታውቅ..."

"ታውቃለች። አጣጥፋ የሰጠችኝ እሷ ናት። ደግሞስ እኛ ቶንጋዎች ዘንድ የባል እህት ስትጠይቅ እምቢ ይባላል?"

መሌአኔ ዞረች። ከገቡ ጀምሮ "ጉልበቴን አመመኝ" እያለች ወደ ሰሌኑ ያልቀረበችው እናቷ፣ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ አቧራ ውስጥ የሚነዱ በጎች የተሳሉበትን ትልቅ ሥዕል ትመለከት ነበር።

"እማዬ፣ ነይ እይው" አለቻት።

"አይቼዋለሁ" አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከበጎቹ ላይ ሳትነቅል።