በእናትህ ቋንቋ

አዛውንቱ ምግብ አብሳይ ኤኔኮ ካሜራውን ገና በር ላይ ሲያዩ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ኑርሁሴን የባስኮችን ምግብና ቋንቋ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ሊሠራ ከአዲስ አበባ ሰሜን ስፔን ድረስ የመጣ ዳይሬክተር ነው። በስፓኒሽ ሰላም ቢላቸው ጀርባቸውን ሰጡት።

«እዚህ ወጥ ቤት በዚያ ቋንቋ አይወራም» አሉት ንግግራቸውን ወደ እንግሊዝኛ በምትመልስ የአገሬው አስተርጓሚ በኩል።

ስኩዊድ ከሚባል የባሕር እንስሳ በራሱ ጥቁር ቀለም የተሠራ ወጥ ከፊቱ ዱብ አደረጉለት። ጎረሰ፤ ጥርሱ ጠቆረ። ሽማግሌው ቆመው ሲበላ እያዩት፣ «የምትቀርጹን ሳንሞት ልትቀብሩን ነው» አሉ።

የኑርሁሴን ደም ፈላ። «ቋንቋዎን እንዲህ ከወደዱት፣ የልጅ ልጆችዎ ደጅ ላይ ለምን በስፓኒሽ ይጫወታሉ?»

ኤኔኮ የያዙትን ቢላዋ አስቀመጡ። «እኔ ተማሪ ሳለሁ በቋንቋዬ በማውራቴ ተገርፌያለሁ። ልጄ እንዳትገረፍ ብዬ አላስተማርኳትም። ያንተስ እናት ቋንቋዋ ምንድን ነው?»

«አርጎብኛ።»

«እስቲ በእናትህ ቋንቋ አንድ ነገር በለኝ።»

ኑርሁሴን ቀስ ብሎ፣ «እናቴ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አለ።

ቃሉ ባይገባቸውም የኤኔኮ ዓይን እንባ አቀረረ። ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡና፣ «እናንተስ ጠበቃችሁት» አሉ።

ካሜራውን የያዘው ምንተስኖት አንገቱን ደፋ። አርጎብኛ አንድም ቃል አይሰማም፤ ኑርሁሴን ያለውን ግን ሁሉንም ሰምቶታል። አማርኛ ነበር።