የቱት ቃል

ባሮ ዳር ያለው የፈረሰ ገዳም ጣሪያ የለውም። በቀሩት ግድግዳዎች መካከል መድረክ ተሠርቶ የበጋው የሙዚቃ ፌስቲቫል ሊጀመር ነው። ዘርአብሩክና ሚስቱ የሺአረግ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

«እንመለስ ዘርዬ፤ ነገ ጠዋት የማስተምረው ክፍል አለኝ» አለች።

«ዛሬ አልመለስም።»

ከሰባት ዓመት በፊት ዘርአብሩክ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነበር። ከገዳሙ ሳትፈርስ የቀረችውን አንዲት ክፍል፣ ከነቅርሷ፣ በኃላፊነት የያዘውም እሱ ነው። ቁልፏ እቤቱ፣ ከበሩ ኋላ ይንጠለጠል ነበር።

አንድ ቀን ከክፍሏ የብር መስቀል ጠፋ። ነገሩ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ የሺአረግ የታመሙ እናቷን ልታሳክም ጅማ ሄዳ ነበር። ዘርአብሩክ ሲባረር አጠገቡ የቆመ ሰው አልነበረም።

ያባረረው የአንድ ሰው ቃል ነው። የገዳሙ ጠባቂ ቱት፣ እሱ በሌለበት፣ «መምህር ገባ፣ መስቀል ይዞ ወጣ» አለ። ኮሚቴው ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ቁልፉ ያለው ማን ዘንድ እንደሆነ ይታወቃል። ባለ ዲግሪው ሰው ገበያ ውስጥ ሞባይል ጠጋኝ ሆነ። ቱት ግን ሥራው ላይ ቆየ፤ ሞተር ሳይክልም ገዛ። መስቀሉን ማን እንደበላው ዘርአብሩክ አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም።

ቱት ዛሬም በር ላይ ነው። ዘፋኟ ሩሐማ ከመኪና ስትወርድ ፊቱ በራ።

«አንተ ሩሐማ! ዛሬ አምረሃል!»

«አንቺስ ቱትዬ፣ መቼ አነስሽ!»

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ቱትም አብሮ ሳቀ። ዘርአብሩክ አልሳቀም። ይሄን አማርኛ ይዞ ነው ያስፈረደብኝ፣ አለ በልቡ።

ቱት አየውና እጁን ጥብቅ አድርጎ ጨበጠው። «ዘርአብሩክ፣ አንተ ጥሩ ባል ነህ። እንዳንተ ባል አላየሁም።»

ዘርአብሩክ የተሾፈበት መሰለው። የሺአረግ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ አለፈች።

ያን ጊዜ የኮሚቴው ሰብሳቢ የነበረው ፍቃዱ አሁን የፌስቲቫሉ አዘጋጅ ነው። ቱት ቃሉን ካጠፈ ዘርአብሩክን ወደ ማስተማሩ ሊያስመልሰው ቃል ገብቷል። ዘርአብሩክ ቱትን ክንዱን ይዞ ፍቃዱ ፊት አቆመው።

«አቶ ፍቃዱ፣ ይኸው። እስቲ እኔ ፊት ይድገመው!»

የሺአረግ እጅጌውን ጎተተች። «ተው፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየና! ሰባት ዓመት ሙሉ ሌባ ሲሉኝ አላየሽም?»

ፍቃዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቱት፣ ያን ቀን መስቀሉን ይዞ ሲወጣ ያየኸው ይሄን ሰውዬ ነው?»

ቱት ግራ ገባው። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ።

«ዘርአብሩክ? እሱ ያን ቀን አልመጣም።»

«ሰሙ አይደል! በጆሮዎ ሰሙ አይደል!» ዘርአብሩክ ጮኸ። ዞሮ የሺአረግን አቀፋት። እሷ ነጠላዋን መልሳ ወደ ዓይኗ ሳበች።

«ታዲያ ማንን ነው ያየኸው?» አለ ፍቃዱ።

ቱት ፊቱን ወደ የሺአረግ መለሰ።

«መምህር፣ አንተ ራስህ ንገረው።»